አመሩድ ሜዳ ላይ አንድ ዓመት ጎደለን

«ልቀቀው በናትህ!» ጓደኛዬ ቢኒ የጣውላውን አንዱን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ እኔ ሌላውን።

«ኔይ! አይሆንም፣ እደብቀዋለሁ አልኩህ!»

«ምኑን ነው የምትደብቀው? ኢንገር ፎቶ አንስታው የለ እንዴ!»

እውነቱን ነው። ለቀቅኩት። ቢኒ ጣውላውን እንዳቀፈ ጭቃው ላይ ዘጭ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርዌይ፣ አመሩድ የሚባል ሰፈራችን ውስጥ፣ ከፎቆቹ ጀርባ፣ እኛ «ስታዲየም» የምንለው የቤዝቦል ሜዳ አለ። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የሽቦ አጥር፣ በቃ። የሠራው ጋሽ አክሊሉ ነው። በልጅነቱ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ ኩባ ተልኮ ነው ያደገው። እግር ኳስ ብታቀብለው በእጁ ነው የሚቀልበው! እዚህ ሲመጣ ትምህርት ቤት ያጸዳ ነበር፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ አካፋ ይዞ እዚህ ይቆፍራል። ሰው ድንች ሊተክል መስሎት ነበር አሉ። የመጀመሪያው ዱላ የመጥረቢያ እጀታ ነው፣ ሯጩ የሚረግጠው ሁለተኛው ቤዝ ደግሞ ከሰው በር ላይ የተነሳ የእግር መጥረጊያ። በመጀመሪያው ቀን የመታት ኳስ አራተኛ ፎቅ መስኮት ሰበረች። የመስኮቱ ባለቤት፣ አንዲት ኖርዌጂያን አሮጊት፣ ልትሳደብ ወረደች፤ በዚያው ነጥብ መዝጋቢ ሆና እስክትሞት ቀረች።

አሁን ግማሹ ነዋሪ መኪና ማቆሚያ ይሁን እያለ ነው። ነገ የቦሬትስላጉ፣ የቤት ማኅበራችን፣ ስብሰባ አለ፣ ነዋሪው ሁሉ የሚወስንበት። የእኛ ቦሬትስላግ ደንብ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሞላው ነገር አይፈርስም ይላል። ሊቀመንበሯ ኢንገር ሰፈሩ ውስጥ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው መጥታ ወንበሩ ላይ ጋሽ አክሊሉ በቢላ የቀረጸውን አየች፦ AKLILU 1989።

«እንዴ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈውማ ማንም አይነካውም!» ብላ አጨበጨበች። እኔን ደግሞ የሜዳውን ታሪክ አንድ ገጽ ጻፍልን አለችኝ። ደስ ብሎኝ ዛሬ ጠዋት ጋሽ አክሊሉ ጋ ደወልኩ። አሁን ፕሪንስዳል ልጁ ጋ ነው የሚኖረው።

«ጋሼ፣ ሜዳውን የሠራኸው 89 ነው አይደል?»

«አዎ፣ ግንቦት 89።»

«በፈረንጅ ነዋ?»

ሳቀ። «የምን ፈረንጅ! በፈረንጅ 89 እኔ ኩባ ብርቱካን እየለቀምኩ ነበር። በእኛ ነው እንጂ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። 1997። ሃያ ዘጠኝ ዓመት። አንዲት ዓመት ጎደለችን!

«ነገ እመጣለሁ» አለኝ። «ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ ወዲህ ኳስ አልወረወርኩም። ከስብሰባው በኋላ የመጀመሪያዋን የምወረውረው እኔ ነኝ። ኮፍያዬን ራሱ አጥቤያለሁ!»

ምን ልበለው? «እሺ ጋሼ» አልኩ።

ለዚህ ነው፣ ነገ ማንም ጽሑፉን አይቶ ጋሼን ዓመቱን እንዳይጠይቀው፣ የወንበሩን ጣውላ ነቅዬ ልደብቅ የሄድኩት። ቢኒ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስማ፣ ጣውላው አልዋሸም። አንተም አትዋሽ። ‹ጣውላው ላይ 1989 ተብሎ ተቀርጿል› ብለህ ጻፍ። ውሸቱ የታል?»

«ጋሽ አክሊሉን ቢጠይቁትስ?»

«እሱማ ያወጣዋል። አውቶብስ ላይ የወደቀ ጓንት ይዞ ባለቤቱን ሲፈልግ የሚውል ሰው!»

«እና?»

«እና... ከስፓኒሽ በቀር አይሰማም እንበላቸዋ!»

ይኸው ገጹን ጨርሻለሁ። የመጥረቢያ እጀታውም፣ መስኮቱም፣ አሮጊቷም አሉ። ዓመቱ ብቻ ነው ባዶ። ኢንገር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላክልኝ ብላለች፣ አሁን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። 1997 ብል፣ ጋሼ ነገ ያን የታጠበ ኮፍያ አድርጎ የሚመጣው ሜዳውን ሊሰናበት ነው። 1989 ብል ደግሞ ራሱ በሰው ፊት ተነስቶ ያርመኛል። በሉ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ?