ቀልዱ የዲንሳ፣ አፉ የኤርሚ

ዲንሳ ባሕር ማዶ፣ ፎርት ስኔሊንግ ባለው ኤርፖርት ውስጥ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። ዩኒፎርሙን ሲያወልቅ ግን ሌላ ሰው ነው። ሰው የጣለውን ላፕቶፕ ይሰበስባል፤ ሆዱን ከፍቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ነፃ ሶፍትዌር ይጭንበታል። የሞተው ማሽን ስክሪኑ ቦግ ሲል የዲንሳም ፊት አብሮ ቦግ ይላል። ሚስቱ ኢብሲቱ፣ "ሰው ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ለልጆች መጫወቻ ያደርገዋል፤ የእኔ ባል የኮምፒውተር ጡረተኞች መኖሪያ አደረገው" እያለች ለጎረቤት ታማዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ካለችው ምግብ ቤት ከቦሩና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር ይቀመጣል። እዚያ ዲንሳ ስለ ኮምፒውተር አፉን ከከፈተ ጥብሱ ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም አይነሳም።

"አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ?" ይላል። "ሙሽራዋን ብቻ ያገባህ ይመስልሃል። ቤት ስትገባ ሚዜዎቿ፣ አክስቶቿ፣ የአክስቶቿ ጎረቤት ሳይቀሩ ሳሎንህ ተኮልኩለዋል። አንዷ ከቫይረስ ልጠብቅህ ትላለች። አንዷ ፎቶህን ልያዝልህ ትላለች። አንዷ ደግሞ ምን እንደምትሠራ ማንም አያውቅም፤ ሜሞሪውን የምትጨርሰው ግን እሷ ናት!"

ስለ አፕዴትም የራሱ አስተያየት ነበረው። "አፕዴት ማለት አንተ ሥራ ስትሄድ ቤትህ ገብቶ ሶፋህን ወደ ኩሽና፣ ምድጃህን ወደ መኝታ ቤት አዛውሮ፣ 'እንኳን ደስ ያለህ፣ አሻሻልኩልህ' የሚል እንግዳ ነው።" ኢንተርኔት የሚገባውን ፍሪጅ ደግሞ ጨርሶ አይምረውም። "ወተት ማለቁን ለመናገር ዋይፋይ ይፈልጋል! እኔ ቤት ያለው በሩን ስከፍተው ብቻ ሁሉን ይናዘዛል።"

ከሁሉም የተወደደችለት የሊኑክሷ ነበረች። "ቀላሉ ሊኑክስ ጾመኛ ነው። ሁለት ጊጋ ሜሞሪ ስጠው፤ ተመስገን ብሎ ቀምሶ ሥራውን ይሠራል። ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ተጭኖ የሚመጣው ግን ስምንት ጊጋ ቁርስ በልቶ፣ ምሳስ የታለ ብሎ ያፈጥብሃል።"

በዚህ ሁሉ ከማንም በላይ የሚስቀው ኤርሚ ነበር። ኤርሚ የቤት ደላላ ነው፤ ዘናጭ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ። እንባው እስኪመጣ ይስቅና በናፕኪን ዓይኑን እየጠራረገ፣ "በእናትህ ድገማት" ይላል። አንድ ቅዳሜ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ የዲንሳን ትከሻ አቀፈ።

"ዲንሳዬ፣ ይሄ ነገር ጠረጴዛ ላይ መቅረት የለበትም። ቻናል እንክፈት። አንተና እኔ።"

ዲንሳ ለአፉ ያህል አንገራገረ እንጂ ልቡ ቀድሞ እሺ ብሎ ነበር። ለመጀመሪያው ቪዲዮ ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። ኤርሚ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ዲንሳ የሙሽራዋንና የሚዜዎቿን ነገር ተናገረ፤ ኤርሚም ከት ብሎ ሳቀ። ቪዲዮው በወጣ ማግስት ዲንሳ በእረፍት ሰዓቱ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ ከሥር የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። የሳቁለት ነበሩ። ግን ግማሹ ሰው ያነሳው ቀልዱን ሳይሆን ንግግሩን ነበር። ዲንሳ ነቀምቴ ነው የተወለደው፤ አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፤ አንዳንዱ ፊደል እስከ ዛሬ ምላሱ ላይ ይከብደዋል። ከሁሉ ብዙ ሳቅ ያገኘችው አስተያየት አንዲት መስመር ናት፦ "ሰውዬው መጀመሪያ አማርኛ ኢንስቶል ያድርግ።"

ምላሹን ጽፎ ሰረዘ፤ ጽፎ ሰረዘ። እሱ የሚቀናባት ዓይነት ቀልድ መሆኗ ይበልጥ አንገበገበው።

ኤርሚ ማታውኑ ደወለ። "ይህን የሚጽፉት ደደቦች ናቸው፤ ቦታ አትስጣቸው" አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ግን ለጊዜው፣ ለጊዜው ብቻ፣ አንተ ሐሳቡን ላክልኝና እኔ ልናገረው። ስምህን እየጠራሁ ነዋ!"

"እኔ እንኳ ካሜራ ብዙም አልወድም" አለ ዲንሳ። የተኮሰው ሸሚዝ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዲንሳ መንገደኞቹን አውርዶ ተራ ሲጠብቅ ስልኩን አፉ አጠገብ ይዞ የመጣለትን ሁሉ በድምፅ ይልክ ጀመር። ስለሚያወራው ሰዓት፣ በስልክ ስለሚበራው አምፖል፣ ገመዱ ስለማይገጥመው ቻርጀር። ኤርሚ ቆርጦ፣ አሳምሮ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ይናገረዋል። ተከታዩ በዛ። በመጀመሪያ፣ "ዲንሳ የሚባል ወዳጄ እንዳለው" ይል ነበር። ቆይቶ "አንድ ወዳጄ እንዳለው" ሆነ። የበረዶው ክረምት ሲገባ፣ "እኔ ሁልጊዜ እንደምለው" አለ።

ዲንሳ ይህን ሲሰማ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ ደገመው። ተሳስቶ ይሆናል ብሎ አለፈው። የሚቀጥለውንም አለፈው። መላኩን ግን አልተወም፤ ምክንያቱም ኤርሚ የእሱን ቀልድ ተናግሮ ሰው ሲስቅ፣ ሳቁ ትንሽ ትንሽ ለእሱም የሚደርሰው ይመስለው ነበር።

ነገሩ ፈጦ የወጣው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ አቨኒው አጠገብ ባለችው የአማርኛ ቸርች ቤዝመንት ውስጥ ዲንሳ ያደሳቸው ላፕቶፖች ተደርድረው ነበር። አረጋውያኑ ለዜግነት ፈተና ይለማመዱባቸዋል፤ አገር ቤት ካለ ዘመድ ጋር እየተያዩ ያወሩባቸዋል። ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጎ ያስተካከለላቸው፣ ማውሷን እንዴት እንደሚይዙ እጃቸውን ይዞ ያሳያቸው እሱ ነው። ፓስተር ኦዳ ለማኅበረሰቡ የቴክኖሎጂ ቀን ሲያዘጋጁ ግን የጋበዙት ኤርሚን ነበር። ኤርሚ ቻናሉን የሚደግፍ የአንድ ሱቅ ባለቤት አግባብቶ አዳዲስ ታብሌቶች በስጦታ ይዞ መጣ።

ዲንሳ ከሚስቱ ጋር መሃል ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ኤርሚ ማይኩን ይዞ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለ።

"ወገኖቼ፣ እኔ ሁልጊዜ እንደምለው፣ ቀላል ሊኑክስ ጾመኛ ነው! ሁለት ጊጋ ቀምሶ ተመስገን ይላል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ጾመኛን ማን ሰርግ ይጠራዋል?" አዳራሹ ተንጫጫ። "እነዚያን ከታች ያሉትን አሮጌዎች አይታችኋቸዋል? ጾመው፣ ጾመው፣ አጥንታቸው ቀርቷል። ዛሬ በጌታ ስም እናስፈስካቸዋለን!" ብሎ የታብሌቱን ካርቶን ከፍ አደረገ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ፓስተር ኦዳ እንኳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኢብሲቱ ወደ ባሏ ጆሮ ተጠግታ በኦሮምኛ፣ "ይሄ ያንተ ቃል አይደለም?" አለችው።

"ዝም በይ" አላት።

ከሁሉ የመረረው መሰረቁ አልነበረም። ኤርሚ "ማን ሰርግ ይጠራዋል" ብሎ ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ፣ ዲንሳ የራሱም ከንፈር ለሳቅ ሲላቀቅ ተሰማው። ቀልዱ በሌላው አፍ ያምር ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲበተን ኤርሚን የመኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኘው። ኤርሚ መብራቱንና የካሜራ ማቆሚያውን መኪናው ውስጥ እየጫነ ነበር።

"ዲንሳዬ! እንዴት ነበር? ሳቅ በሳቅ አላደረግኳቸውም?"

"እነዚያን ኮምፒውተሮች የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ቀልድ እኮ ነው! አንተ ቀልደኛ አይደለህ እንዴ?"

"ቀልዱም የእኔ ነው።"

ኤርሚ የመኪናውን በር ዘጋና ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ። ፈገግታው አልጠፋም፤ ሙቀቱ ብቻ ለቀቀው። "ቀልድ ባለቤት አለው እንዴ? አንተ ስትናገረው ማን ሰማህ? እነ ቦሩ፤ እነሱም እየጎረሱ። ሰው መሃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ሶፍትዌር ነፃ ይሁን፣ ሁሉም ይውሰድ፣ ሁሉም ይጠቀም እያልክ ጆሯችንን ስትበላው የኖርከው አንተ አይደለህም?"

"እዚያም ቢሆን የሠራው ሰው ስም አይፋቅም።"

"ስምህን ብጠራ ማን ያውቅሃል?" አለ ኤርሚ፣ በቁጣ ሳይሆን ልክ ቀላል ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው። "በዚያ ላይ ካሜራ አልወድም ያልከው ራስህ ነህ።"

ዲንሳ ፊቱን አዞረ። ወደ ሚስቱ ሲመለስ በረዶው ላይ አዳለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ኤርሚ ሮጦ መጥቶ አነሳው፤ ኮቱንም አራገፈለት። ይህ ደግሞ ለብቻው አሳመመው።

ፓስተር ኦዳ በሳምንቱ ደወሉለት። "ወንድም ዲንሳ፣ ጌታ ይባርክህ፤ ብዙ አገልግለሃል። ቦታ ጠቦን ነውና እነዚያን ዕቃዎች ብታነሳልን።" ዲንሳ ላፕቶፖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ቤዝመንቱ መለሳቸው። አንዱንም አልከፈተውም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ልጁ ኢሊሊ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን እያየች ትንፈቀፈቃለች። አማርኛም ኦሮምኛም ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ዳድ፣ ና ይሄን ሰውዬ እይ" አለችው። የኤርሚ ድምፅ ስለ ፍሪጁ ያወራል። "ልክ እንዳንተ ነው የሚያወራው። ግን እሱ ያስቃል።"

"ኢሊሊ!" አለች ኢብሲቱ ከኩሽና፤ የያዘችውን ማማሰያ ጠረጴዛው ላይ መታችው። ዲንሳ እጁን አንስቶ ከለከላት። ቢነግራት ልጁ ታምነው ይሆናል። ላታምነውም ትችላለች። ያቺን ሁለተኛዋን ከማወቅ ሳይነግራት ማለፍን መረጠና፣ "አዎ፣ ጎበዝ ነው" ብሎ ጫማውን ለማውለቅ ወደ በሩ ተመለሰ።

ምግብ ቤቱንም አንድ ጊዜ ሞክሮ ተወው። በዚያ ቅዳሜ የልብ ወዳጁ ቦሩ፣ ኤጀታ የሚባል አዲስ መጪ ይዞ መጥቶ ነበር። ዲንሳ ገና "አፕዴት ማለት" ብሎ ሲጀምር ኤጀታ ቀድሞት ጨረሰውና፣ "የኤርሚ ናት፤ እኔም እወዳታለሁ" አለ። ዲንሳ ቦሩን አየው። ቦሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰላጣ እያየ፣ "ተወው፣ ልጁ አያውቅም" አለ። እንዲያውቅ ግን አልነገረውም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል እትዬ ምንዳዬ ደወሉ። ከቸርች አረጋውያን መካከል ቀድመው መጻፍ የለመዱት እሳቸው ናቸው። "ልጄ፣ ይሄን ጠፍጣፋ ነገር እጄ አልለመደውም። ስነካው ይሸሻል፣ ሳልነካው ይከፈታል። ያ የድሮዬ ተጥሏል?"

"አልተጣለም፣ እትዬ። አመጣልዎታለሁ።"

ይዞላቸው ሄደ። አሮጌው ላፕቶፕ በርቶ ፊደሉ ጎልቶ ሲታያቸው ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ክንዱን ያዙት። "ለኤርሚ እንዳትነግርብኝ፤ ቅር እንዳይለው። እንግዳ ሲመጣ እሸፍነዋለሁ።" ያዘጋጁትን የዳንቴል ጨርቅም አሳዩት። ዲንሳ ሳቀ፤ ደረጃውን ሲወርድ ግን ሳቁ አብሮት አልወረደም።

መጋቢት ላይ ነው፤ በረዶው መንገድ ዳር ጠቁሮ ተቆልሎ። አንድ ደህና የለበሰ መንገደኛ አውቶቡሱ ውስጥ ሻንጣው አልከፈት ብሎት ይታገላል። ሻንጣው በጣት አሻራ የሚከፈት ነው፤ ባትሪው አልቋል፤ ቻርጀሩ ደግሞ ያለው ሻንጣው ውስጥ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ለመነው፣ ቀጥሎ ሰደበው፣ በመጨረሻ ጆሮውን ለጥፎ ማዳመጥ ጀመረ። ዲንሳ በመስታወቱ ሲያየው አንዳች ነገር ደረቱ ውስጥ ሲነሳ ተሰማው፤ ያ የድሮው፣ ቃል ቃልን እየጎተተ የሚመጣው። ቀልዱ ሙሉውን፣ ከነመዝጊያው መጣለት። እስከ ዛሬ ከቀለዳቸው ሁሉ የተሻለ ነበር።

መንገደኞቹን አውርዶ ተራው ላይ ቆመ። ስልኩን ሲያወጣ የኤርሚ የድምፅ መልእክት ደርሶ አገኘ። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም።

"ዲንሳዬ፣ ጠፋህ እኮ! ቅር ብሎህ ከሆነ እርሳው፤ ወንድማማች አይደለን? ስማ፣ ሰሞኑን ትንሽ ነጥፎብኛል። ሰው ያንኑ ደጋገምክ እያለ ነው። አዲስ ነገር የለህም? ስምህን እጠራለሁ፤ ሙት ስልህ።"

ዲንሳ ሁለት ጊዜ ሰማው። አውራ ጣቱ የድምፅ መቅጃዋ ላይ አረፈች። ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ቀልዱን በኦሮምኛ ለራሱ ቀስ ብሎ ተናገረው፤ በኦሮምኛማ ይበልጥ ያምር ነበር። የሚስቅ ግን አልነበረም፤ እሱም አልሳቀም። ነገር ሲያስቀው ቀድሞ ትዝ የሚለው ለማን እንደሚነግረው ነበር፤ አሁን ማን እንደሚወስድበት ሆኗል።

ጣቱን አነሳና ጻፈለት፦ "የለኝም። አልቆብኛል።"

ከፊቱ የነበረው አውቶቡስ ተነሳ። ተራው ደርሷል። በሩን ከፍቶ ሻንጣቸውን የሚጎትቱትን አዳዲስ መንገደኞች ማስገባት ጀመረ።