ከትልቁ ኋላ የምትነፋው ቀርከሃ

አባባ ብኸይታ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ የለም» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው።

ድምፅ ቀራጯ ሰዕዲያ ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ሰውየው የቀርከሃ ጥሩንባ የሚነፉ አሥራ አንድ ዙምባራ ነፊዎች ከሆሞሻ ይዘው መጥተው፣ ትናንት አሶሳ እዚሁ ጎሹ ስቱዲዮ ተቀርፀዋል። ሌሎቹ ሄደዋል፤ እሳቸው ግን ሳይሰሙ ለሬዲዮ አይላክም ብለው ቀሩ። መኪናቸው በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል። የስቱዲዮው ባለቤት ጎሹ ደግሞ ለምሳ ሲወጣ፣ «ካልወደዱት ከዛሬ ጀምሮ ማሽን አትነኪም፤ ገመድ ትጠቀልያለሽ» ብሏታል።

ያበላሸችው ራሷ ናት። ትልልቆቹ ቀርከሃዎች ሲያጓሩ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ብላ ኮምፕረሰሩን አጥብቃው ነበር። ኮምፕረሰር ጯኺ ሲመጣ አንገቱን ይዞ ዝቅ የሚያደርግ ዘበኛ ነው በሉት። ከየትኛው ጩኸት ጀምሮ እንደሚይዝ፣ ምን ያህል እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚለቅ በማዞሪያ ይነገረዋል። ሰዕዲያ ሁሉንም እስከ ጥግ ነግራዋለች።

መጀመሪያ ጠቅላላውን ድምፅ ከፍ አድርጋ በድምፅ ማጉያው አጫወተችው። ጎልቶ የመጣው ትናንት አብሮ የተቀዳው የጣሪያው ቬንትሌተር ሆነ።

«ነፋስ አሁን ጥሩ ይሰማል» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ግን የለም።»

«ቆይ አባባ፣ የርስዎ የቷ ናት?»

ከከረጢታቸው አውጥተው አሳዩዋት። ከክንድ የምታጥር ቀርከሃ። ዙምባራ ላይ አንድ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሞላው ሲቀባበሉ ነው።

«መቼ ነው የሚነፉት?»

«ትልቁ ሲጨርስ። ወዲያው። እኔ ከዘገየ ዘፈን ይሞታል፣ ቢንቲ፣ ልጄ።»

ወዲያው! ሰዕዲያ ግንባሯን መታች። ለካ ዘበኛው የትልቁን አንገት ሳይለቅ ትንሿ ትደርስና አብራ ትታነቃለች። የመልቀቂያውን ማዞሪያ ከአንድ ሰከንድ ወደ አንድ አሥረኛዋ አወረደችው። ጫናውንም አላላችለት።

ደግማ አጫወተች። ትልቁ አጓራ፤ ጅራቱ ላይ ትንሿ ፒው ብላ ገባች። የአባባ ብኸይታ ጣት በየተራዋ ጉልበታቸውን ይመታ ጀመር።

ጎሹ ስንጥር በጥርሱ እንደያዘ ገባ። «ትልቁ አልበዛም እንዴ?»

«ትልቅ ነዋ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀርከሃቸውን ወደ ከረጢቱ እየመለሱ። «ይላክ።»

ሰዕዲያ ወለሉ ላይ የተዝረከረከውን ገመድ በእግሯ ወደ ጎሹ ገፋ አደረገችው።