ዘይት ያልተሞቀበት ጠዋት

ፔሽተር በሚባለው ብርዳም አምባ ላይ ክረምቱ ሲከር ሰው ላሙን በረት፣ የመኪናውን ባትሪ ቤት ያስገባል። ራሲም ደግሞ ዘይቱንም ጭምር! ማታ ማታ መኪናዋ ሥር በጀርባው ገብቶ የሞተሩን ዘይት በድስት ይቀዳል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ምድጃ ላይ ያሞቀዋል፤ ከዚያ በትኩሱ መልሶ ሞተሩ ውስጥ ይጨምረዋል። ያኔ ያቺ የሠላሳ ስድስት ዓመት ቀይ መኪና ሁለት ሦስቴ አስሏት ትነሳለች። ዱሮ የአገሩ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ አባቱም አድርጓል። አሁን የቀረው ራሲም ብቻ ነው፣ ግትሩ!

ለጉራ ግን አልነበረም። የሚስቱ የዙምሬታ ኩላሊት ከደከመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከተማ ሆስፒታል ሄዳ ደሟ በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ካለፋት እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ጥርሱ ተበልቶ አልይዝ አለና ያ ሁሉ የሞቀ ዘይት በረዶው ላይ ፈሰሰ። ዙምሬታም ቀረች። ማታ አየር አጥሯት ስትጨነቅ ራሲም አጠገቧ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዘንድሮ ገና በረዶ ሳይጥል ነገሩን ቆረጠችው።

«ስማኝ ራሲም፣ መኪናዋ አንድ ጠዋት እምቢ ካለች እስከ ፀደይ እህቴ ቤት ነው የምገባው። ከዚያ ሆስፒታሉ በእግር ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ላሞች አሉህ።»

ቀልዷን አልነበረም። ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቆመችው። ራሲም በዚያ ሻንጣ ጎን ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል፤ በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ያለ እሷ ቁርስ በልቶ አያውቅም።

መኪናዋን ይዞ ቻሚል ዘንድ ሄደ። ቻሚል የመንደሩ መካኒክ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም፣ ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ አይቸኩልም። ብሎኑን በጣቱ ዳሰሰው።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ብሎን በዓመት አንዴ ነው የሚፈታው። አንተ በየማታው! ምን ሁን ትለዋለህ?» አለና ትንሽ አሰበ። «ሲንቴቲክ ዘይት እናድርግላት። በብርድ አይረጋም። ምድጃም ድስትም ይቅርብህ።»

ይሄን ወሬ ሃይሮ ሰማ። ሃይሮ የራሲም ጎረቤት ነው፤ ትራክተር አለው፣ ምላስም አለው። ሻይ ቤቱ መሀል ቆሞ ሳቀ። «ለዚያች አሮጊት ሲንቴቲክ? በየቀዳዳዋ ታፈሰዋለች! ወላሂ ራሲም፣ ስትጠፋብን ጠብታህን ተከትለን ነው የምናገኝህ!»

ራሲም ደንግጦ ወደ ቻሚል ተመለሰ። ቻሚል ይቆጣል ብሎ ነበር፤ አልተቆጣም።

«ሃይሮ እውነቱን ነው። ዝም ብለን ብንጨምርባት ታንጠባጥባለች። የደረቁትን የሞተር ማሸጊያ ጎማዎቿን ደፍኖ የያዘላት የስንት ዘመን እድፍ ነው። አዲሱ ዘይት እድፉን ያጥበዋል፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ እኛ እንጠባት።»

አራት ቀን ፈጀበት። እንዴት ያለ ሥራ ነው! የሞተሩን የታች ክዳን አውርዶ እንደ ሬንጅ የጠቆረውን ዝቃጭ በማንኪያ ጠረገ፤ ከዚያ በጨርቅ፣ በመጨረሻም በጣቱ እየዳሰሰ። የተበላውንም ብሎን በአዲስ ለወጠ። ከኋላ ያለችውን አንዲት ቀለበት ጎማ ለመለወጥ ብቻ ካምቢዮውን ሙሉ በሙሉ አወረደ። «ይህቺ ትቆይ ብልስ ማን ያየኛል?» ብሎ ፈገግ አለ፤ ግን አላቆያትም። ራሲም ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየም። አዲሱን ዘይት ከጨመሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቻሚል ራሱ ደውሎ ጠራውና ያንንም ደፍቶ ከነፊልትሮው ለወጠው። ዘይቱ ጠቁሮ ነበር። «አየህ? የቀረውን እድፍ እሱ አወጣልን» አለ።

በመጨረሻ መኪናዋ ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፈው አሳደሩ። ጠዋት አንዲት ጠብታ የለችበትም። ራሲም ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ሻይ ቤት ሄደና ሃይሮ ፊት ዘረጋው።

«ብርዱ ይምጣና እናያለን» አለ ሃይሮ።

ቻሚል ግን አንድ ነገር ቀርቶት ነበር። «ብሎኑን የምትፈታበትን የአሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻህን አምጣ።»

«ለምን?»

«እጅህን አውቀዋለኋ!» ብሎ መፍቻውን ቀማው።

በጥር አንድ ምሽት ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ዘጠኝ ገባ። ራሲም መቀመጥ አቃተው። ፒንሳ ይዞ ሹልክ አለና መኪናዋ ሥር ገባ፤ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«ራሲም! ውጣ ከዚያ!» ዙምሬታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ብርዱን አላየሽም እንዴ?»

«ቻሚልን ታምነዋለህ ወይስ አታምነውም?»

የቻሚል ጣት ያን ዝቃጭ ሲጠርግ ታየው፤ አፈረ። ፒንሳውን ይዞ ወጣ።

አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ተነሳ። ድስት የለ፣ ዘይት የለ። ምድጃው ፊት ባዶ እጁን ቆሞ ነጋለት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲወጡ የሃይሮ ትራክተር ደጃፍ ላይ ይንደቀደቃል። የዙምሬታ ሻንጣ ላዩ ላይ ታስሯል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ራሲም።

«እኔ ነኝ የጠራሁት። እምቢ ካለች እስከ አውቶቡሱ ያደርሰኛል» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ።

ሃይሮም ዛሬ አልሳቀም። ፊቱ በጥላሸት ተለቅልቋል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዘይቱ እንዳይረጋበት ትራክተሩ ሥር እሳት ሲያነድ ነው ያደረው። ራሲም ይሄን ሲያይ ስድቡ ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

መኪናዋ ውስጥ ገባ። «ቢስሚላህ» አለና ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው አንዴ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሳ። ሳል የለ፣ ማቃሰት የለ! ራሲም መሪውን እንደያዘ እንባው መጣ። «ማሻላህ! ቻሚል፣ እጅህ ይባረክ!» ብሎ ጮኸ፣ ቻሚል ገና አልጋው ላይ ሳለ።

ሃይሮ ጎንበስ ብሎ በስልኩ መብራት የመኪናዋን ሥር አየ፤ ደግሞ አየ። ቀና ሲል ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቻሚል ትራክተርም ይሠራል?»

ዙምሬታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ሃይሮ፣ ሻንጣዬን አውርድልኝ።»

«የት ልጫነው? ከኋላ?»

«አይ፣ ቤት አስገባልኝ» አለች። «ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከፍ አድርገህ።»