እስከ ካባው አራት ፌርማታ

ልብስ ሰፊዋ ልትጎበኛት ያሰበቻትን ከተማ የለካቻት በሜትር ነው። ካርታውን መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች፣ አራቱን ጥግ በስፒል ወጋች፣ ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር አነሳችና ከሚያርፉበት ሆቴል እስከ ሙዚየሙ ያለውን መንገድ የደንበኛ ወገብ እንደምትለካ አድርጋ ለካችው። አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። ካርታው ጥግ ላይ እንደተጻፈው አንዱ ሳንቲ ሜትር መቶ ሜትር ነው።

"ምን አላት ይቺ?" አለችኝ። "ገበያ ደርሶ መመለስ እኮ ነው።"

የእኔ የጫማ መጠገኛ ከሷ ሱቅ ቀጥሎ፣ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀምጬ ሶል ስለጥፍ፣ ስምንቱን ፎቅ የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ በአናቴ ላይ ሲያልፍ ኖሯል። ሰው አፉን ይገዛል እንጂ እግሩን አይገዛም፤ ማን እንደተጣላ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን የምሥራች ይዞ እንደመጣ ከእርምጃው አውቃለሁ። የልብስ ሰፊዋንም ጉልበት አውቀዋለሁ። ቀኙ ይረግጣል፣ ግራው ይጎተታል። ለዚህ ነው ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ በደረጃ የማትወጣው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብላ እስኪሠራ ትጠብቃለች። ስለዚህ ስለ መንገዱ ስትነግረኝ በልቤ፣ ጌታ ሆይ እግሯን ጠብቅ አልኩ።

ጉዞው የልጇ ስጦታ ነው። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ለእናትና ለአባቷ የአምስት ቀን ጉብኝት አዘጋጅታ አብራቸው ልትሄድ ቀኑ ተቆርጧል፤ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ያቺን ጥንታዊ የአውሮፓ ከተማ የመረጠችው ግን እናትየዋ ናት። ምክንያቱ ሱቋ ግድግዳ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተሰቀለች አንዲት የካላንደር ገጽ ናት። ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፣ ሥዕሉ ግን አለ፤ እዚያች ከተማ ሙዚየም ውስጥ ያለ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሰፋ የወርቅ ጥልፍ ካባ። ጥልፉ ቅጠልና ሐረግ ነው። ሐረጉ ከደረት ተነስቶ ትከሻ ተሻግሮ ጀርባ ይገባል፣ የትም አይቋረጥም። ትከሻ ላይ ስፌት ሳይኖር ካባ አይቆምም፤ ስፌት ካለ ደግሞ ሐረጉ መቆረጥ አለበት። በቁርጥራጭ ጨርቅ ስንት ጊዜ ሞክራው አልሆነላትም። "ይቺን የሰፋች ሴት፣" ትላለች፣ "ታሾፍብኛለች።" ካባው የተሰቀለው በመስታወት ሣጥን መካከል ስለሆነ ዞረው ገበሩን ያዩታል ተብሎ ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል። የምትሄደው የስፌቱን ምስጢር ለሚያሳየው ለዚያ ገበር ነው።

ባሏ ጋሼ ሹፌሩ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሳቸው ዝርዝር ሌላ ነው። ወንዝ ዳር ያለው የዓሣ ቤት፣ ሾርባ ብቻ የሚሸጠው ቤት፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣው ዳቦ ቤት፣ ኬክ ቤቱ፣ ሁሉንም በመነጽር ከስልክ ላይ እየፈለጉ በሹፌር ጽሑፋቸው ደብተር ሞልተዋል። በተለይ የዓሣ ቤቱን ነገር ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ሚስታቸው እዚያ ድረስ ሄደህ ሆድህን ልታስጎበኝ ነው ወይ ብትላቸው፣ ባዶ ሆድ ቤተ መንግሥት ቢያሳዩት ጎተራ ይመስለዋል ብለው መለሱላት።

ልጅቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ ገባች። እኔም የአንድ ደንበኛ ሱሪና ጫማ አብረው ይወሰዱ ስለነበር እዚያው ቆሜ ነበር። ካርታውን አየች፣ በሜትር የተለካውን መንገድ በጣቷ ተከተለችና ሙዚየሙ ካለበት ኮረብታ ግርጌ ቆመች። ከዚያ ወደ ላይ መንገዱን አቋርጠው የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ።

"እማዬ፣ እነዚህን ምን ብለሽ ነው ያለፍሻቸው?"

"ስፌት መሰሉኝ። ለማስዋብ ያሰመሩት።"

"ደረጃ ነው።"

ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። መኪና አይገባበትም፤ ከተማዋ ከመኪና በፊት የተሠራች ናት። ለሆቴሉ ጽፋ ጠይቃቸው ኖሯል፣ የእንግዳ ተቀባዩ መልስ አጭር ነው፦ መቶ ሰማንያ ስምንት ደረጃ።

ልብስ ሰፊዋ ካርታውን ብዙ አየችው። ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ ጠፍጣፋ ነው፣ ትከሻና ዳሌ የሚያወጣው ገላ ላይ ሲወጣ ነው፤ ሥራ ለሚማሩት ሁሉ ይህን ስታስተምር ኖራ ራሷ ረሳችው። ይህንኑ ለራሷ እንደምትናገር ሆና ተናገረችው።

ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ሐሳቧን አስቀድማ ጨርሳ ነው የመጣችው። እናቷ ታች አደባባዩ ላይ ሻይ ይዛ ትቀመጣለች፣ እሷና አባቷ ይወጣሉ፣ ካባውን ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንስታ ታመጣላታለች። እንዲህ ያበጠ ጉልበት ስንቱን አልጋ ላይ እንዳስቀረ ሆስፒታል በየቀኑ ታያለች።

"ፎቶውንማ አሥራ ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ፤" አለች እናትየዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እወጣለሁ።"

በማግስቱ በአናቴ ላይ ሰማኋት። ቀኝ፣ ከዚያ የሚጎተተው ግራ። ሕንፃችን ለእያንዳንዱ ፎቅ ሃያ አራት ደረጃ አለው፤ እስከ ሰገነቱ መቶ ዘጠና ሁለት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ ላይ ቆመች፣ ወደ አንደኛው ፎቅ ተመልሳ በሊፍት ወረደች። ከዚያ በየቀኑ፣ ከምሳ በኋላ። አርባ። ሃምሳ ሁለት። መዶሻዬን አስቀምጬ እቆጥርላታለሁ፤ ጸሎትም ቁጥርም የሆነ ነገር ነበር። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ከመቶ ካለፈችባቸው ሁለት ቀናት በቀር፣ ሰባ ላይ ተቸነከረች። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሄደች፤ ስልሳ፣ ሃምሳ ስምንት። አንድ ቀን ደግሞ ሃምሳ ሦስተኛው ላይ እርምጃው ጠፋና ሰው ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ።

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። "ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከላይህ ስወጣ ምን ትሰማለህ?" አለችኝ።

የሰማሁትን ነገርኳት። "እታለም፣ ዝናብ እንደሚያባርረው ሰው ነው የምትወጪው። እግሩ ጮኾ አልችልም እስኪል አታቆሚም፤ ከቆምሽ ደግሞ አለቀ። ከመቶ ያለፍሽው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን ሁለተኛ ፎቅ ላይ እዚያ የምትኖረው መምህርት በወሬ ይዛሽ ነበር። ጉልበትሽ ሳይለምን ነው ያረፍሽው።"

"ያቺ ወሬኛ ናት ያወጣችኝ በለኛ!" አለች፤ እያመማት ሳቀች።

ጋሼ ሹፌሩ ሊፍቱ በር ላይ ቆመው ኖሯል፤ ሊያወርዷት መጥተው። የተናገርኩትን ሁሉ ሰምተዋል። እንደልማዳቸው ቀልድ ይጨምራሉ ብዬ ብጠብቅ ሚስታቸውን ደግፈው ሊፍቱ ውስጥ ገቡ። ሦስት ቀን አላየኋቸውም።

በአራተኛው ቀን ደብተራቸውን ይዘው ሱቁ መጡ፣ ልጅቷንም አስጠሩ፣ ለእኔም ግድግዳውን መቱልኝ። የዓሣ ቤቱ በቀይ ተሰርዟል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁሉ ተሰርዘዋል። በምትኩ የደረጃውን መንገድ ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ በስልክ አይተው፣ ወደ ሆቴሉ አራት ጊዜ ጽፈው፣ ደረጃው ዳር ያሉትን የምግብ ቤቶች ብቻ ለቅመዋል። አርባ አንደኛው ደረጃ ላይ ዳቦ ቤት። ዘጠናኛው ላይ ሾርባ ቤት፣ ወንበሩ ከነመደገፊያው። መቶ ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ አንዲት መበለት የምታስተዳድረው ትንሽ ቤት፣ ምን እንደምትሸጥ እንኳ አላጣሩም። መቶ ሰማንያ ስምንተኛው ላይ፣ ሙዚየሙ በር አጠገብ፣ ኬክ ቤት።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ዳገት ነድቻለሁ፤" አሉ። "ሞተሩ ሳይግል የሚያቆም ነው የሚደርስ። ይኸው፣ አራት ፌርማታ። ቁርሷን የመጀመሪያው ላይ፣ ምሳዋን ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ፣ ሙዚየሙ እስኪዘጋ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረናል።"

ልጅቷ ደብተሩን ደጋግማ አነበበችው። ቀኑን ሙሉ አንድ ደረጃ ልንወጣ ነው ወይ፣ ድልድዩስ፣ ቤተ መንግሥቱስ አለች። እናቷ መቀሷን አነሳችና የኮረብታውን መንገድ ከካርታው ላይ በቀስታ ቆርጣ አወጣችው፤ የተረፈውን ለልጇ ሰጠቻት። "ይሄ ትርፍ ጨርቅ ነው፣ በሌሎቹ ቀኖች አንቺ እንዳሻሽ ስፊው። ይቺ የእኔ ናት።"

ነርሷ ግን ነርስ ናት፣ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች። ቅዳሜ እዚሁ ሕንፃ ላይ ከታች እስከ ላይ ትወጣለች። እሑድ ጠዋት ጉልበቷ ከዛሬው ልክ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ካበጠ፣ እናትየዋ አደባባዩ ላይ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ክርክር የለም። ሜትሩን ከእናቷ አንገት ወስዳ ጉልበቷን ለካች፤ አርባ አንድ ተኩል። ልብስ ሰፊዋ ቁጥሩን በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው። በልክ ነገር እንደማታጭበረብር ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ በበኩሌ አሮጌ ጫማዋን ወስጄ ሶሉን በወፍራም ለስላሳ ጎማ ቀየርኩት፣ የግራውን ተረከዝ ትንሽ ከፍ አደረግሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሹፌሩ ወንበር ተሸክመው ቀድመው ወጡ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው። ዳቦ፣ በፔርሙስ ሾርባ፣ የተላጠ ብርቱካን። እኔ ቦታዬ ተቀመጥኩ። አንድ ጫማ ጉልበቴ ላይ ነው፣ መዶሻው እጄ ላይ ነው፣ ግን አልመታሁም።

አርባ ስምንት። "ፌርማታ!" ሲሉ ተሰማ፣ ቀጥሎ የሰሃን ድምፅ። ገና አልደከመኝም ስትል፣ "ለዚህ ነው የምታቆሚው" አሏት። ዘጠና ስድስት፤ ልጅቷ የደም ግፊቷን ለካች፣ መምህርቷም ወሬዋን ይዛ ተቀላቀለች፣ ሾርባው ጨው ጎድሎታል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። መቶ ሃያ ላይ ወሬው ቆመ። መቶ አርባ አራት። እዚህ ላይ ብዙ ተቀመጠች፤ በጣም ብዙ። ልጅቷ ይብቃ እማዬ፣ ማንም አይወቅስሽም አለቻት። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ግራው እየረገጠ እንጂ እየተጎተተ አልነበረም፤ ይህንን በጆሮዬ እምላለሁ።

"መቶ ሰማንያ ስምንት!" አሉ ጋሼ ሹፌሩ ከላይ። የደረጃው ጉድጓድ እንደ በርሜል አስተጋባው። "ኬክ ቤት ደርሰናል፣ ውረጂ!"

"ሰገነቱ አራት ይቀረዋል፤" ስትል ሰማኋት።

አራቱንም ወጣቻቸው። ያኔ መዶሻዬን ጫማው ላይ አወረድኩ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስመለስ ሱቋ ተከፍቷል፤ እሑድ ተከፍቶ አያውቅም። ልጅቷ ተንበርክካ ሜትሩን እናቷ ጉልበት ላይ አዙራዋለች፣ አባትየው ደብተራቸውን ይዘው ቆመዋል። አርባ ሁለት። ነርሷ ሁለተኛ ጊዜ ለካችው። ቀና ብላ አባቷን፣ "የሾርባ ቤቱን ወንበር በስማችን አስይዝ፤ ከነመደገፊያው" አለችው።

ልብስ ሰፊዋ ከጠረጴዛው ላይ ቁጥሩን በክንዷ ጠረገች። የካላንደሩን ገጽ ከግድግዳ አውርዳ አጠፈችው፣ ሜትሩንም ጠቀለለችና ሁለቱን አብራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

"ጫማው ግራው ትንሽ ይጠባል፤" አለችኝ። "አስፋልኝ።"