የእማዬ ስልክ ሲፈጥን

እማዬ ወንድሜ ከሚታማባት ስልኳ ቢታማ ትመርጣለች። «ስልኩ ነው እንጂ የሚንቀራፈፈው፣ ዶክተሬማ ይደውል ነበር» ትላለች። ዶክተር የምንለው ተምሮ እንዳይመስላችሁ፤ በልጅነቱ የእኔን አሻንጉሊት ሆድ ቀዶ «ኦፕሬሽን ነው» ስላለ ነው። ዛሬም መርፌ ካየ ይሮጣል። ሌላ ከተማ መኪና ይሸጣል፤ ከሄደ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ላም አለኝ በሰማይ!

እኔ ግን አለሁ። እዚሁ ሳሎን ጥግ የስፌት መኪናዬን ተክዬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤ በመሀል ተነስቼ ጉልበቷን አሽላታለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣታለሁ። ምስጋናው? «አይ፣ ዶክተሬ ቢኖር!» እርር ድብን ነው የምለው።

ስልኩ መንቀራፈፉ እውነት ነው፣ አልዋሽም። አንዱን ነገር ነክታ እስኪከፈትላት እኔ አንድ እግር ሱሪ ሰፍቼ እጨርሳለሁ። ለዶክተር በድምፅ የምትልክለት መልእክት ሁሉ አጠገቡ «ገና አልተላከም» የምትል ትንሽ የሰዓት ምልክት ተለጥፋበት ይቀራል፤ አይሄድም። እሷ ግን አትተውም። «በላህ ወይ? ደርበህ ተኛ። ጉልበቴ ተሽሎኛል፣ አታስብ።» ተሽሎኛል! ማን አሽቶት?

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የደንበኛ ቀሚስ ይዤ ስታገል፣ «ይሄኔ እኮ ስንቴ ጽፎልኝ ይሆናል፤ ይሄ የተረገመ ስልክ ዋጠብኝ» ስትል ደሜ ፈላ። ቀሚሱን ወርውሬ ተነሳሁ።

«አምጪው!»

«ታበላሺብኛለሽ።»

«አፈጥንልሻለሁ። የተንቀራፈፈው ስልኩ ይሁን ልጅሽ፣ ያኔ እናያለን።»

ከፍቼ ባየው ጉድ ነው። «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ፎቶ ብቻ አጨናንቆታል። ስለ ሽንኩርት ጥቅም የሚለፈልፉ ቪዲዮዎች፣ የገዛ ጣቷን ያነሳችባቸው ፎቶዎች፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ የከረሜላ ጨዋታ። ሁሉንም ጠራርጌ አጠፋሁ። ከጀርባ ተከፍተው የሚሠሩትን ዘጋሁ፤ ቦታ ሲገኝ የመልእክቱን አፕ አፕዴት አደረግኩና ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። የዶክተርን ፎቶዎች ግን ነካሽብኝ እንዳትለኝ ብዬ ተውኳቸው።

ስልኩ በረረ። እማዬ ነካ ስታደርገው ክፍት! «ውይ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለችኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል! ልቤ ራራ፣ እውነቴን ነው። ግን እነዚያ የሰዓት ምልክቶች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። የተጠራቀመው ድምፅ ሁሉ፣ በላህ ወይ፣ ደርበህ ተኛ፣ ዝናብ አለ ወይ፣ ተግተልትሎ ሄደ። በሰዓቶቹ ምትክ የመጡት የራይት ምልክቶች ሰማያዊ ሆኑ። አይቶታል ማለት ነው።

«እየጻፈ ነው!» ብላት እንደ ሕፃን አጨበጨበች። መነጽሯን ብትፈልግ አጣችው። «አንብቢልኝ፣ ቶሎ በይ!»

አየሁት። መዋሸት እችል ነበር። «ናፍቀሽኛል ይላል» ብል ምን ይጎድልብኛል? እኔ ግን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል አነበብኩላት። «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ምንድን ነው? ስልኬን አንቀራፈፍሽብኝ። በቃ ተይኝ!»

አፍጥጣ ስታየኝ የዶክተር ፎቶ ከስሙ አጠገብ ጠፋ። ብሎክ አደረጋት። የእሱም ስልክ ፈጠነለት።

«ፎቶው የት ሄደ?»

«ዘግቶሻል፣ እማዬ። አልፈልግሽም ብሎ ዘግቶሻል። አሁን ገባሽ፣ ልጅሽ ማን እንደሆነ?»

ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። እሰይ፣ በመጨረሻ ገባት ብዬ ነበር። ስልኩን ከእጄ መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«አበላሽተሽው ነው። እሱ እንዲህ አይጽፍም። ድሮም ቀናተኛ ነሽ፤ ራስሽ ጽፈሽው ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያቺ «እጅሽ ይባረክ» እንኳ ተመልሳ ተወሰደችብኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስልኩን ትራሷ ሥር ደብቃ ትተኛለች፤ እኔ አጠገቡ አልደርስም። ትናንት ተንበርክኬ እግሯን በሞቀ ውሃ እያጠብኩላት፣ ከአናቴ በላይ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ማውራት ጀመረች።

«አይዞህ ዶክተሬ። እህትህ ናት ያበላሸችብን። ደህና የሚጠግን ሰው እስካገኝ ታገሰኝ።»

ከዚያ እግሯን ከእጄ ሳታወጣ «ውሃው ቀዝቅዟል» አለችኝ።