ባርኔጣውን ለማን አነሳ?

የሙዚየሙ ኃላፊ ኮሪን ሥዕሉን ፎጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋችውና ጀርባውን በባትሪ ታየው ጀመር።

"እትዬ አርዲት፣ እስቲ ይቺን ጠርዝ ይዩልኝ። በሦስቱ ጎን ሸራው ታጥፎ በሚስማር ተመቷል። በዚህ በኩል ግን በቢላ ነው የተቆረጠው።"

አርዲት መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ጎንበስ አለች። ሥዕሉን ያመጣችው ራሷ ናት፤ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ፒክአፗ ውስጥ እንደ ሕፃን በቀበቶ አስራ። ሙዚየሙ ለበጋው ያዘጋጀው ጊዜያዊ አውደ ርእይ ስለ ሆብ ታንሲ ነው። ታንሲ ከብት እየነዳ ሞንታናን ሲዞር የኖረ ሠዓሊ ነበር፤ በረዶው መንገድ ሲዘጋበት ባለበት ቤት ይከርምና የበላበትን በሥዕል ከፍሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራዎቹ ያሉት በትልልቅ ከተሞች ሳይሆን እዚሁ አገር፣ የከብት አርቢዎች ማድ ቤት ውስጥ ነው። ኮሪን አውደ ርእዩን ለማሟላት ስንቱን ደጅ ጠንታለች።

"ተቆረጠ ማለት?" አለች አርዲት።

"ሌላ ግማሽ አለው ማለት ነዋ። ፈረሰኛው ባርኔጣውን ያነሳለት ነገር እዚያኛው ላይ ነው ያለው።"

አርዲት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ሰው በቀይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ባርኔጣውን ወደ ቀኝ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ በስተቀኝ ግን ምንም የለም። በአባቷ ቤት ለማን እንዳነሳው መገመት ከምግብ ጋር አብሮ የሚቀርብ ነገር ነበር። አባቷ "ደመና አይቶ ነው" ይላል። እናቷ "ሚስቱ ለምሳ ጠርታው ነው። የራበው ወንድ ፊት ጠፍቶኝ!" ትላለች። ባሏ ላይል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ሊያገባት ሲመላለስ "እየተሰናበተ ነው" ብሎ በገበታው ዙሪያ ያለውን ሁሉ አስከፍቶ ነበር። አርዲት አንዳቸውንም አላመነችም። እስከ ዛሬ ሳህን ስታጥብ ቀና ብላ ሰውየውን ትጠይቀዋለች።

"ታንሲ ከእናንተ ቤት ወጥቶ የት ነበር የሄደው?" አለች ኮሪን።

"ሩድ ቤት።" ስሙን ከጠራችው ቆይታለች።

"እኔም ጠርጥሬ ዌንደል ሩድ ጋ ደውዬ ነበር። ሥዕል እንዳለው አልካደም። ግን 'ያቺ ሴትዮ ባለችበት ግድግዳ የኔ ነገር አይሰቀልም' ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስቲ እርስዎ ያናግሩት።"

"እኔ? ዌንደልን? አንቺ ልጅ፣ ያለሽበትን አገር አታውቂውም እንዴ?"

"ስለማውቀው ነው የምለምንዎት። ነገ ከሰዓት እንከፍታለን።"

ጠባቸውን የማያውቅ የለም። ከወንዙ የሚመጣው የመስኖ ቦይ በአርዲት መሬት አልፎ ነው ዌንደል ማሳ የሚደርሰው። በዚያ ክፉ የድርቅ ዓመት ላይል፣ ዌንደል ተራው ሳይደርስ ውሃ ወሰደ ብሎ የቦዩን መዝጊያ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቆለፈው። ዌንደል አልወሰድኩም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም አልለቀቁም። ላይል ሞተ፣ ጓጉንቸሩ እዚያው ቀረ። ዌንደል ሣሩን የሚያጠጣው ከጉድጓድ በሚስብ ሞተር ሲሆን ሞተሩ ነዳጅ ሲበላ አይጠግብም። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከአርዲት መኪና ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ፣ በነዳች ቁጥር ጉልበቷን ይነካታል።

"ምን ቆርጦኝ ነው እሱ ደጅ የምሄደው" አለች መንገድ ላይ፣ ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ይህን እያለች የራሷን መታጠፊያ አልፋ ሄደች።

ዌንደል ከድርቆሽ ማሰሪያው ማሽን ሥር ተጋድሞ ብሎን ይፈታ ነበር። ውሻው ጮኸባት።

"ውሻህ ረስቶኛል" አለች።

"ይሄ አያውቅሽም። የሚያውቅሽ አያቱ ነበር።" ከማሽኑ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ ሸብቷል።

"ሥዕሉን ላየው ነው የመጣሁት። የኔው ግማሽ ነው።"

"ምን ግማሽ? የኔ ሙሉ ነው። ሰው አለው፣ ሰማይ አለው። ምን ጎደለው?"

"ሰውየው ምን እያደረገ ነው?"

ዌንደል ሊመልስ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። "ማወቁን በጣም ነው የፈለግሽው፣ አይደል?"

"በጣም።"

"ዱሮም እንዲህ ነሽ። ትምህርት ቤት የሰው ምሳ ዕቃ እየከፈትሽ ታዪ ነበር።"

"ያንተ ውስጥ ሁልጊዜ ቅቅል እንቁላል ነው።"

ሊስቅ ዳድቶት ተወው። "ጓጉንቸሩን ክፈቺው። ነገ ሥዕሉን ራሴ ተሸክሜ አመጣለሁ።"

"የላይል ጓጉንቸር ነው።"

"ላይል ሥዕሉን ልየው አላለም። ያልሽው አንቺ ነሽ።"

አርዲት መኪናዋን አዞረች። እንዲህ ያለ ንዴት ተናዳ አታውቅም፤ እውነቱን ስለነገራት ነው።

ቦዩ ዳር ስትደርስ ጓጉንቸሩ ዝጎ ቁልፉን እምቢ አለ። ከመኪናዋ የሞተር ዘይት አምጥታ አንጠባጠበችበት። ላይል ተኝቶ ሳለ ኪሱን የምትበረብር መስሎ ተሰማት፤ አፈረች። "ለአውደ ርእዩ ጊዜ ብቻ ነው" አለችው ላይልን። "ሲዘጋ እኔም እዘጋዋለሁ።" ጓጉንቸሩ ተከፈተ። መዝጊያውን ከፍ ስታደርገው ውሃው ደረቁን ቦይ እያሸተተ የሚሄድ ይመስል ቀስ ብሎ ወረደ።

በማግስቱ ዌንደል የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሥዕሉን በፈረስ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። ኮሪን ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። አጥሩ ከአጥሩ፣ የተራራው ጫፍ ከጫፉ ገጠመ። በዌንደል ግማሽ ላይ አንድ ፂማም ሰው ቦይ ዳር ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ፈረሰኛው አዙሮ፣ አካፋውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቷል።

"ሰላምታ እየመለሰ ነው" አለች አርዲት።

"የለም፣ ሊመታው ነው። እኛ ቤት ሌባ እያባረረ ነው ይባላል።"

"ሌባ ባርኔጣ ያነሳል?"

"ብልጥ ሌባ ያነሳል።"

"አካፋውን አየኸው ወይ? ጀርባውን ነው ያዞረው። ሰው በአካፋ ጀርባ ይመታል?"

"ላይል ቢኖር ይነግርሽ ነበር፤ እኔ ላይ አንስቶ ያውቃል" አለ ዌንደል፣ እና ወዲያው በመናገሩ አፈረ።

ሰው ተሰበሰበ። የፖስታ ቤቷ ሴት ባለ አካፋው እየሳቀ ነው አለች፤ ባሏ ጥርሱን ነክሶ ነው አለ። ዌንደል ሊለይ አፍንጫው ሸራውን እስኪነካ ሲጠጋ ኮሪን ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። "አፉን በፂም ሸፈነብን እኮ፣ ይሄ ተንኮለኛ ታንሲ" ብሎ አጉረመረመ። አርዲት ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው መልስ ሌላ ጥያቄ ሆኖ መጣባት። ተናደደች፤ ደግሞ ደስ አላት።

ሰዉ ወደ መጠጡና ወደ ብስኩቱ ሲሄድ ሁለቱ እዚያው ቀሩ።

"ትናንት ውሃው ደረሰ" አለ ዌንደል፣ ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል።

"አውቃለሁ።"

"መስከረም ላይ አውደ ርእዩ ይዘጋል አሉ።"

"አዎ።"

"ከዚያስ?"

አርዲት የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ በጥፍሯ ቀለበቱን ስትታገለው ቆየች፤ ጥፍሯ ተሰበረ፣ የጓጉንቸሩም ቁልፍ ወጣ። ወደ በሩ ሄዳ ከመስተዋት በተሠራው የመዋጮ ሳጥን ውስጥ ጣለችው። ከዶላሮቹ መሃል ተቀመጠ።

"እትዬ አርዲት፣ ቁልፍ እኮ ነው የጣሉት" አለቻት ትኬት የምትቆርጠው ልጅ።

"አይቻለሁ።"

ተመልሳ ከዌንደል አጠገብ ቆመችና መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "ትንሽ ጠጋ በል" አለችው፤ "እኔም ያንን ፂም ደህና አድርጌ ልየው።"