አማች እህል እምቢ ያለ ሰሞን

ፈረሱ አማች ይባላል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅየዋ ናት። ገና ተገዝቶ ግቢ በገባ ሰሞን፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ካልበላ የማይሆንለት፣ ሲያሰኘው ብቻ የሚሠራ፣ ሲናገሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሆኖ ስላገኘችው «ይሄስ ፈረስ አይደለም፣ አማች ነው» አለች፤ በዚያው ጸናበት። ሁለቱም እህትማማቾች ባል ስላላገቡ ቤቱ ሌላ አማች አልነበረውም፤ ስለዚህ ስሙ ማንንም አላምታታም።

እህትማማቾቹ የሚተዳደሩት በልብስ እጥበት ነው። ከሆቴልና ከእንግዳ ማረፊያ የሚመጣውን አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ይመልሳሉ። ታላቅየዋ ቀኑን ሙሉ መተኮሻው ክፍል ውስጥ በእንፋሎት ታፍና ትውላለች። ታናሽየዋ ጋሪ ትነዳለች። መተኮሻውን ክፍልና የፈረሱን ጋጣ የሚለየው ሳንቃ ብቻ ነው፤ ሳንቃውም በደንብ ስላልገጠመ በወዲህ በኩል የተነገረው በወዲያ በኩል ጥርት ብሎ ይሰማል።

አመሻሽ ላይ ታናሽየዋ ከመንገድ ተመልሳ አማችን ከጋሪው ትፈታለች፣ ላቡን በገለባ ታሻሻለች፣ ገብስና ፉርሽካውን ግርግሙ ውስጥ ትጨምራለች። ታላቅየዋም በዚያው ሰዓት የመጨረሻዎቹን አንሶላዎች ትተኩሳለች። የሚጨቃጨቁትም ያኔ ነው፤ በሳንቃው ግራና ቀኝ ሆነው፣ ሳይተያዩ፣ ውሃ ቀጠነ ብለው። ገመዱን ዝናብ ላይ ትቶ የገባው ማን ነው፣ የጠፋው የትራስ ልብስ የት ገባ፣ እናታቸው «አስተዋይዋ ልጄ» ትል የነበረው ማንኛቸውን ነው። ይህ ሲሆን ብዙ ዓመቱ ነው። ጎረቤቱም ለምዶት ሲጀምሩ ሰዓቱን ያውቅባቸው ነበር።

ያስታረቃቸው አጎታቸው ነው። አጎትየው ጡረታ የወጣ የኳስ ዳኛ ሲሆን፣ ዛሬም ሲያወራ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰው ማራራቅ ይወዳል። አንድ እሑድ ምሳ ሊበላ መጥቶ መካከላቸው ተቀምጦ ሳለ በጨው ምክንያት ተያያዙ። አጎትየው ማንኪያውን አስቀመጠና አለቀሰ። ሲያለቅስ አይተውት ስለማያውቁ ሁለቱም ክው አሉ። ከእንግዲህ የቀረው ዕድሜ ጥቂት መሆኑን፣ ከነሱ ሌላ ዘመድ እንደሌለው፣ ሳይሞት አንዲት ምሳ በሰላም ቢበላ ሌላ ነገር እንደማይመኝ ነገራቸው። አንጀታቸውን በላው። ተነሥተው ተሳሳሙ፣ ሁለተኛ ላይጣሉም ቃል ገቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። «እባክሽ እትዬ፣ ካላስቸገርኩሽ ያንን ቅርጫት» ትላለች ታናሽየዋ። «ምን ገዶኝ እህቴ» ትላለች ታላቅየዋ። አመሻሽ ላይ ከካውያው ፉጨት በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ።

በዚያው ሳምንት አማች እህል እምቢ አለ።

መጀመሪያ ግርግሙን አሽትቶ ጥቂት ቀመሰና ተወ። በማግስቱ ጭራሽ አላሸተተውም። ታናሽየዋ ገብሱ ሻግቶ ይሆናል ብላ ሌላ ገዛች። ፉርሽካውን በሞቀ ውሃ አሽታ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሞላሰስ የሚባለውን የስኳር አተላ ጠብ አድርጋ አቀረበችለት። ካሮት ከተፈችለት። ታላቅየዋም ከመተኮሻው ወጥታ ድርቆሹን በእጇ እያራገፈች፣ አቧራውን እፍ እያለች፣ ልክ እንደታመመ ሰው «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለች ለመነችው። አማች ሁለቱንም አየና ፊት ነሳቸው። የጎን አጥንቱ መቆጠር ጀመረ፤ አቀበቱ ላይም ጋሪውን አቁሞ ያስብ ጀመር።

የከብት ሐኪሙ ተጠራ። ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ድዱን ገልጦ ቀለሙን አየ። ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አድርጎ አንጀቱ እንደሚሠራ በግራም በቀኝም አረጋገጠ። ትኩሳቱን ለካ፣ ፋንድያውን በእንጨት ፈልቅቆ ተመለከተ። አንድ የሾለ መንጋጋ አግኝቶ በሞረድ አስተካከለለት፣ የትል መድኃኒትም ሰጠው። ውሃ እንዳይጎድልበት፣ በየቀኑም ጥቂት እንዲያንሸራሽሩት አዘዘ። ከዚህ ሌላ ሕመም አላገኘበትም። እቃውን እየሰበሰበ ሳለ በቤቱ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። ምንም እንደሌለ፣ እንዲያውም ከመቼውም በላይ በሰላም እንደሚኖሩ ነገሩት።

ነገሩ የተገለጠው ታላቅየዋ አንሶላ ያቃጠለች ዕለት ነው። ታናሽየዋ ጭሱ ሸትቷት ከጋጣው ሆና «ግድ የለም እትዬ፣ ቶሎ አምጪው ብዬ ያጣደፍኩሽ እኔ ነኝ» አለች። ታላቅየዋ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ተናገረች። ታናሽየዋ አይደለም አለች። ታላቅየዋ ነው አለች። ታናሽየዋ ትልቅ ሰው ጥፋተኛ ተደርጎ እሷ ዝም ልትል እንደማትችል፣ ታላቅየዋ ደግሞ ሃያ ዓመት ካውያ ይዛ ማን እንዳቃጠለ የሚነግራት እንደማትፈልግ አሳወቀች። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። በመሐል ታናሽየዋ ከኋላዋ ቁርጥም ቁርጥም የሚል ድምፅ ሰማችና ዞረች። አማች ግርግሙ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ገብሱን ይቆረጥማል።

ዝም አለች። አማችም አቆመ፤ አፉ ላይ ፉርሽካ እንደተለጠፈ ጆሮውን ቀስሮ ወደ ሳንቃው ተመለከተ።

«እትዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «የሆነ ነገር በይኝ።»

«ምን ልበልሽ?»

«ክፉ ነገር።»

ታላቅየዋ አሰበች። ከዕርቁ በኋላ ክፉ ነገር እንዲህ ቶሎ አይመጣላትም ነበር። በመጨረሻ «ደደብ» አለች፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። አማች ጭራውን አወዛውዞ ጀርባውን ሰጣቸው።

በሚቀጥሉት ቀናት ተግተው ሞከሩ። ሰዓቱ ሲደርስ ታናሽየዋ «አንቺ ሌባ!» ትላለች፣ ታላቅየዋ «አንቺ ውሸታም!» ትላለች፣ ሁለቱም ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። የድሮ ጭቅጭቆቻቸውን አውጥተው ዘበዘቧቸው፤ ገመዱንም፣ የትራስ ልብሱንም። ግን ብዙ እንደታጠበ አንሶላ ሳስተው ነበር። አማች ለትራስ ልብሱ ሲል አንድ ጉርሻ አነሣ፣ አላመጠው፣ መልሶ ተፋው። ፈረሱን ማታለል እንደማይቻል ገባቸው።

ይባስ ብሎ አጎትየው ወሬ ሰማ። ጎረቤት ነው የነገረው። በር ሳያንኳኳ ገባና ታናሽየዋን አካፋ ይዛ፣ ታላቅየዋን በሳንቃው ቀዳዳ «ቀልበ ቢስ!» ስትላት አገኛቸው። ባለበት ቆሞ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለፈረሱ ብለን ነው ጋሼ» አሉት ባንድ አፍ።

እንዲህ ያለ ሰበብ ሜዳ ላይም ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራቸው። ያስረዱት በጀመሩ ቁጥር ሆዱ እየባሰው ሄደ፤ ቃል ኪዳናቸውን ማፍረሳቸውን በፈረስ ማሳበባቸው ከጭቅጭቁ ይልቅ አስከፋው። ይህ ሁሉ ሲሆን የከብት ሐኪሙ በሽተኛውን ሊያይ መጣ። ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አየና፣ በትሕትና፣ የድሮው ዳኛ እርሳቸው መሆናቸውን ጠየቀ። አጎትየው ደስ ብሎት ነኝ አለ።

ሐኪሙ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ኳሷ እኮ መስመሩን አላለፈችም» አለ።

«የቷ ኳስ?»

«እርስዎ ጎል ብለው ያጸደቋት። እኔ ከግቡ ጀርባ ነበርኩ። አላለፈችም።»

አጎትየው አልፋለች አለ። ሐኪሙ አላለፈችም አለ። ያ ሁሉ እርጋታው የት እንደገባ አይታወቅም፤ በማዳመጫው መሬት ላይ መስመር አሰመረ፣ የፈረሱን ብሩሽ አንሥቶ ኳሷ የነበረችበት ቦታ ላይ አኖረው። አጎትየው ብሩሹን ወዲያ ገፋው። ሐኪሙ መለሰው። ያን ጊዜ አማች ግርግሙን ጨርሶ የፉርሽካውን ባልዲ ይልስ ነበር።

አጎትየው ፈረሱን አየ፣ እህትማማቾቹን አየ፣ ተቀመጠ። ሁለተኛ አልተቆጣቸውም። እንዲያውም አጋዥ ሊሆናቸው ተነሣና በማግስቱም ከሐኪሙ ጋር ተቀጣጥረው መጥተው ስለ ኳሷ ተከራከሩ። አማች በላ። በሦስተኛው ቀን ግን ሁለቱ ሰዎች ሌሎች ብዙ ጨዋታዎችን አንድ ላይ ማየታቸውን ደረሱበት፤ እየተሳሳቁ ተጨዋወቱ፣ እየተቃቀፉም ወጡ። አማች ባልዲውን በአፍንጫው ገፍቶ ደፋው።

ያን ዕለት ታናሽየዋ የተደፋውን ፉርሽካ እየሰበሰበች ሳለ ደከማት። ማስመሰል በሰለቸው ሰው ድምፅ፣ ለፈረሱም ለማንም ሳትል፣ መንገድ እንደምትጠላ ተናገረች።

ከሳንቃው በወዲያ በኩል ካውያው ቆመ።

አቀበቱ እንደሚያስፈራት፣ ከመኪና ጋር መጋፋት ልቧን እንደሚያፈርሰው፣ የሆቴል ዘበኞች ሲያንገላቷት ጥርሷን ነክሳ እንደምታሳልፍ ዘረዘረች። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ማንም ሳያያት ልብስ ብታጣጥፍ ሌላ ነገር እንደማትፈልግም ተናገረች።

ታላቅየዋ በጎን በር ዞራ መጣች። ፊቷ በእንፋሎት ቀልቶ ነበር።

«መንገድ ትጠያለሽ?» አለች። «እኔ ግድግዳ ሳይ አርጅቼ፣ አንቺ መንገድ ትጠያለሽ? ማታ ማታ ከውጭ ስትገቢ ቀሚስሽ በሚሸተው የነፋስ ሽታ ስቀና ኖሬ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሪው የኔ ነው ብለሽ ቀድመሽ ልጓሙን የያዝሽው አንቺ ነሽ!»

«እግርሽን ስላመመሽ ነበር እኮ! እንዳይደክምሽ ብዬ ነው!»

«እግሬን ያመመኝ አንድ ሳምንት ነው!»

ይህ ጭቅጭቅ እውነተኛ ነበር። ደግነት ይሁን በደል የማይለይ፣ ብዙ ዓመት የተከደነ ነገር። ሁለቱም አለቀሱ፣ ሁለቱም እጃቸውን አወራጩ፣ ታላቅየዋ ባልዲውን በእግሯ መታች። አማች ገብሱን በላ፣ ፉርሽካውን በላ፣ ድርቆሹን ጨርሶ የታናሽየዋን የሻሽ ጫፍ ማኘክ ጀመረ። ከአፉ ሲነጥቁት ሁለቱም ባንድ ላይ ሳቁ።

በማግስቱ ሥራ ተለዋወጡ። ታላቅየዋ ጋሪው ላይ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን የአንዱን ሆቴል አንሶላ ለሌላው አስረከበች፤ በሁለተኛው ቀን የአንድ እንግዳ ማረፊያ የአበባ መደብ ውስጥ ከነጋሪው ገባችና ከዘበኛው ጋር ተናንቃ ተመለሰች፤ ዓይኗ ግን እንደ ልጃገረድ ያበራ ነበር። ታናሽየዋ በበኩሏ ኮሌታ አቃጠለች፣ የጠረጴዛ ልብሱን እንደ እንጨት እስኪደርቅ ስታርች አጠጣችው። በዚህ ላይ እያንዳንዳቸው የሌላይቱን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቀው ያውቃሉ። አመሻሽ ላይ የሚባባሉት ሞልቶ ተረፈ። አማች ደነደነ፤ ሐኪሙም ገብሱን ቀንሱለት እስከማለት ደረሰ።

አንድ ቀን ታላቅየዋ ከሰዓቷ ዘገየች። ታናሽየዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፣ መኪና ገጭቷት ይሆናል ብላ ሰጋች። በመጨረሻ ጋሪው ባዶውን እየተንጓጓ ሲመጣ አየችው። ታላቅየዋ ስለ መዘግየቷ ይቅርታ አልጠየቀችም። ከከተማው መውጫ ድልድይ እንዳለ፣ ከድልድዩ በታች ወንዙ ዳር ሰፊ ሣር እንዳለ፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራት ዝም ብላ እስከዚያ እንደሄደች ነገረቻት። እሑድ አብራት እንድትሄድም ጠየቀቻት።

ታናሽየዋ መንገድ እንደማትወድ አስታወሰቻት።

«እኔ አይደለሁ የምነዳው?» አለች ታላቅየዋ።

ሄዱ። ታናሽየዋ አቀበቱ ላይ ዓይኗን ጨፍና የእህቷን ቀሚስ ይዛ ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አማችን ፈትተው ለቀቁትና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ደስ ይላል፤ ውሃው በቀስታ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ከዚያ ታናሽየዋ ቀስ ብላ ዞረች።

አማች ራሱን አቀርቅሮ ሣር ይግጣል። በጸጥታ፣ በእርጋታ፣ ማንም ማንንም ሳይሰድብለት ይግጣል።

ታላቅየዋም አይታው ነበር። ሁለቱ ተያዩ።

«ለጋሼ እንዳትነግሪው» አለች ታላቅየዋ።

«ለሐኪሙም» አለች ታናሽየዋ፤ ጫማዋንም አውልቃ ጋደም አለች።